የድሮዋ ካይሮ በመዳብ፣ በእንጨትና በድንጋይ፦ ስለ ጥንታዊ የግብጽ ቅርጽ ህትመቶች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሳሎኔ ግድግዳ ላይ አራት የካይሮ ሥዕሎች ተሰቅለዋል። ቤት የመጣ እንግዳ ሁሉ ቡናው እስኪፈላ ድረስ አፍጥጦ ያያቸውና ጥያቄ ይጀምራል። ጥያቄዎቹ ደግሞ ሁሌም ያው ናቸው። አንዴ ጽፌው ልገላገል ብዬ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የቅርጽ ህትመት ምንድን ነው? በእጅ የተሳለ ሥዕል አይደለም እንዴ?

አይደለም። መጀመሪያ አንድ ሰው ወረቀት ላይ ይስላል። ከዚያ ሌላ ባለሙያ ያንን ሥዕል በመዳብ ሰሌዳ ላይ በሹል ብረት እየቦረቦረ ይቀርጸዋል። የተቦረቦረው መስመር ቀለም ይሞላል፤ ከላይ የቀረው ተጠርጎ ይነሳል። እርጥብ ወረቀት ይደረብበትና በከባድ ማተሚያ ይጨመቃል። ወረቀቱ ከስንጥቁ ውስጥ ያለውን ቀለም መጥጦ ይወጣል። ከ1820ዎቹ ጀምሮ በመዳብ ፈንታ አረብ ብረት መጣ። አረብ ብረት ጠንካራ ስለሆነ ፀጉር የሚያህል መስመር ይይዛል፤ በሺዎች የሚቆጠር ቅጂ ሲታተምበትም ቶሎ አይበላም።

የእንጨቱ አሠራር ተቃራኒ ነው። ነጭ ሆኖ መቅረት ያለበት ቦታ ተፍቆ ይወጣል፤ ከፍ ብሎ የቀረው መስመር ቀለም ይቀባል። ማህተም በሉት። ከእርሳስ ፊደል ጋር በአንድ ገጽ መታተም ስለሚችል የ19ኛው ክፍለ ዘመን ጋዜጦች ሙጥኝ ያሉት እሱን ነበር።

ከሥዕሉ ሥር ግራና ቀኝ የተጻፉት ጥቃቅን ስሞች የማን ናቸው?

ከሁሉም የምወደው ጥያቄ ይህ ነው። በግራ ያለው ብዙውን ጊዜ የሰዓሊው ስም ነው፤ በቀኝ ያለው የቀራጩ። «ዴል.» የሚለው የላቲን ምህጻር «ሣለው» ማለት ነው፤ «ስከልፕ.» የሚለው ደግሞ «ቀረጸው»።

ሰዓሊው ምናልባት ካይሮ ውስጥ ዝንብ እየተከላከለ ነው የሳለው። ቀራጩ ግን ፓሪስ ወይም ለንደን ውስጥ መስኮት ሥር ተቀምጧል። ብዙዎቹ ቀራጮች ግብጽን ረግጠው አያውቁም። ሰዓሊው በሁለት መስመር ጠቁሞ ያለፈውን የግመል ጉልበት፣ የቴምር ቅጠል፣ የዓረብኛ ጽሕፈት ቀራጩ ከራሱ አውጥቶ ይሞላዋል። የፈረስ እግር ያላት ግመል የምትገኘው በዚህ መንገድ ነው። መስጊድ በር ላይ ያለው ጽሕፈትም አንዳንዴ ሕፃን ልጅ የሞነጫጨረው ይመስላል። ሥዕሉን እንደ ፎቶ አምናችሁ ከመቀበላችሁ በፊት እነዚያን ሁለት ስሞች ማየት ጥሩ ነው።

አውሮፓውያን ግብጽን መቅረጽ የጀመሩት ከናፖሊዮን ጋር ነው?

ከእሱ በፊትም ነበሩ። ፍሬደሪክ ኖርደን የሚባል የዴንማርክ የባሕር ኃይል መኮንን በ1737 እና 1738 ዓባይን ተከትሎ ወደ ላይ ወጣ። ሥዕሎቹ ተቀርጸው በ1755 ኮፐንሃገን ውስጥ ሲታተሙ እሱ ሞቷል። ከሥዕሎቹ አንዱ የስፊንክስ ፊት ነው፤ አፍንጫ የለውም። ናፖሊዮን የተወለደው በ1769 ነው። «አፍንጫውን የናፖሊዮን ወታደሮች በመድፍ መትተው ጣሉት» የሚለው ወሬ ያለቀለት እዚህ ላይ ነው። ይህን ነግሬው ያላመነኝ ሰው ግን አሁንም አለ።

ሉዊጂ ማየር የሚባለው ሰዓሊም አለ። የግብጽ ሥዕሎቹ ለንደን ውስጥ በ1801 ታትመው ወጡ። አኳቲንት በሚባለው ዘዴ ነው የተሠሩት፤ ጥላው በመስመር ሳይሆን እንደ ውሃ ቀለም በስሱ የተቀባ ይመስላል።

ታዲያ የናፖሊዮኑ መጽሐፍ ለምን ይህን ያህል ይወራለታል?

ስለሚገባው ነው። ናፖሊዮን በ1798 ግብጽን ሲወር ከወታደሮቹ ጋር 160 የሚያህሉ ምሁራንን ይዞ ሄደ። መሐንዲስ፣ ሰዓሊ፣ ዕፀዋት አዋቂ፣ የሂሳብ ሰው፣ ሁሉም ነበሩ። ጦርነቱ ከሸፈ። ከጦርነቱ የተረፈው «የግብጽ መግለጫ» የሚል ርዕስ ያለው ግዙፍ መጽሐፍ ነው። የመጀመሪያው እትም የርዕስ ገጽ 1809 ይላል፤ ማተሙ እስከ 1820ዎቹ መጨረሻ ድረስ ቀጠለ። ወደ 900 የሚጠጉ የሥዕል ቅጠሎች አሉት። ትልልቆቹ ቅጠሎች ከአንድ ሜትር በላይ ይረዝማሉ። እንዲህ ያለ መጽሐፍ ጭን ላይ አድርጎ ማንበብ አይታሰብም።

ብዙ ሰው የሚያውቀው የፈርዖኖቹን ቤተ መቅደሶች ነው። እኔ የምመክራችሁ «ዘመናዊው ሁኔታ» የሚለውን ክፍል ነው። በዚያን ጊዜ የነበረው የካይሮ ሰው፣ ቤቱ፣ ሙያው፣ ዕቃው ያለው እዚያ ውስጥ ነው። የዕደ ጥበቡን ሥዕሎች አብዛኞቹን የሣለው ኒኮላ ዣክ ኮንቴ ነው። በጋዝ ሙከራ ላይ አንድ ዓይኑን ያጣ ሰው ነው። ግራፋይትን ከሸክላ ጋር ቀላቅሎ የዛሬውን እርሳስ የፈለሰፈውም እሱ ነው። የሰማዩን መስመር የሚቀርጽ ማሽንም ሠራ። እነዚያ ሜዳና ቤተ መቅደስ ላይ የተዘረጉት ጥርት ያሉ ሰማያት በማሽን የተሰመሩ ናቸው። በእጅ ቢሆን ቀራጩ አንድ ሰማይ ላይ ወራት ይፈጅ ነበር።

ከሙያዎቹ ሥዕሎች መሐል አንድ ቶርኖ ሠራተኛ አለ። መሬት ላይ ተቀምጧል። ቶርኖው ሞተር የለውም፤ እንደ ማሲንቆ ቀስት ያለ ደጋን ነው የሚያሽከረክረው። አንዱ እጁ ደጋኑን ወዲያና ወዲህ ይስባል። በሌላው እጁ መሮውን ይዟል፤ እግሩ ደግሞ ያግዘዋል። እዚያች እግር ላይ ብዙ ሰዓት አጥፍቻለሁ። መርካቶ ያለ ቶርኖ ቤት ገብቶ የሚያውቅ ሰው ሥራውን ወዲያው ይለየዋል፤ እግሩ ግን ይገርመዋል።

ሌላው የሚገርመኝ የሐሰን ካሺፍ ቤት ነው። ፈረንሳዮቹ ምሁራን «የግብጽ ተቋም» ብለው የሚሰበሰቡት እዚያ ነበር። ፕሮታን የሚባለው ሰዓሊ ትልቁን አዳራሽ ከነጣሪያው፣ ከነመስኮቱ ስሎታል። ቤቱ ዛሬ የለም። በ2011 ታኅሣሥ ደግሞ፣ በካይሮው ግርግር መሐል፣ በዚያው ተቋም ስም የቆመው ሕንፃ ተቃጠለ። ከውስጡ ከነበሩት መጻሕፍት አንዱ ይኸው መጽሐፍ ነበር።

የዴቪድ ሮበርትስ ሥዕል አለኝ። እሱም የመዳብ ቅርጽ ነው?

አይደለም፤ ሊቶግራፍ ነው። ሻጮች ሁሉንም አሮጌ ህትመት በአንድ ስም ስለሚጠሩት ነው ግራ የሚያጋባው። ሊቶግራፍ በድንጋይ ላይ በቅባታማ እርሳስ ይሳላል። ቅባትና ውሃ ስለማይስማሙ ቀለሙ የሚይዘው የተሳለበትን ቦታ ብቻ ነው። መቦርቦር የለም። በማጉያ መነጽር ስታዩት የጠመኔ ዓይነት ሻካራ ነጠብጣብ ነው የሚታያችሁ።

ሮበርትስ የስኮትላንድ ሰው ነው፤ የጫማ ሠሪ ልጅ። ቤት ቀለም በመቀባት ጀምሮ የቴአትር መድረክ ሥዕል ሠራ፤ ከዚያ በ1838 ግብጽ ገባ። መስጊድ ውስጥ ገብቶ ለመሳል ፈቃድ አግኝቷል። የአገሩን ልብስ መልበስ ነበረበት፤ ከአሳማ ፀጉር የተሠራ ብሩሽ ይዞ እንዳይገባም ታዟል። ሥዕሎቹን ድንጋይ ላይ ያወጣቸው ሉዊ ሃግ ነው። ቤልጅየማዊ ነው፤ ቀኝ እጁ ከልደቱ ጀምሮ ስለማይሠራለት በግራው ነበር የሚስለው። ህትመቱ ከ1842 እስከ 1849 ወጣ፤ ቅድስት አገርንና ግብጽን አንድ ላይ ቢቆጥሯቸው ወደ 250 ይጠጋሉ።

ቴአትር ቤት የሠራ ሰው መሆኑ ያስታውቃል። መንገዱን ያሰፋል፣ ሰዉን ያሳንሳል፣ ሚናራውን ያስረዝማል። ካይሮ ሄዳችሁ ባብ ዙወይላ በር ሥር ስትቆሙ «ከሥዕሉ ጠበበብኝ» ብትሉ ጥፋቱ የእናንተ አይደለም።

ከመስኮቱ ላይ ወጥቶ የተንጠለጠለው የእንጨት ጥልፍ ምንድን ነው?

ማሽረቢያ ይባላል። ስሙ ከዓረብኛው «መጠጣት» ከሚለው ቃል ነው የመጣው። እዚያ መስኮት ውስጥ የሸክላ ውሃ ማሰሮ ያስቀምጡ ነበር። ነፋሱ በእንጨቱ ቀዳዳ ሲገባ ከማሰሮው ላይ የሚተነውን እርጥበት ይዞ ይሄዳል፤ ውሃውም ይቀዘቅዛል። ፍሪጅ ነው እንግዲህ፣ ያለ መብራት።

ሁለተኛው ጥቅሙ ለሴቶቹ ነው። ከውስጥ ሆነው መንገዱን ያያሉ፤ ከመንገድ ግን ማንም አያያቸውም። ሦስተኛው ጥላ ነው። ሥዕሎቹን ብታዩ የላይኛው ፎቅ ወደ ውጭ ገፍቶ ከፊት ለፊቱ ቤት ጋር ሊሳሳም ምንም አልቀረው። ሥር ያለው መንገደኛ ፀሐይ አያገኘውም።

አሠራሩ ነው የሚያስደንቀው። ትንንሽ የተጠረቡ እንጨቶች ናቸው፤ አንዱ ባንዱ ውስጥ እየገባ ይገጣጠማል። የካይሮ ደረቅ ሙቀት ትልቅ ጣውላ ያጣምማል፣ ይሰነጥቃል። ትንንሾቹ ግን በየመገጣጠሚያቸው ትንሽ እየተላወሱ ይኖራሉ። እያንዳንዷን ፍሬ ማን ሠራት? ያ በደጋን ቶርኖ፣ በእግሩ የሚሠራው ሰውዬ ነዋ! አንድ መስኮት በመቶ የሚቆጠር ፍሬ ይፈልጋል።

መዳብ ላይ ማሽረቢያ መቅረጽም ራሱን የቻለ ስቃይ ነው። ሰነፍ ቀራጭ ዝም ብሎ መስመር ያቆራርጣል። ጎበዙ እያንዳንዷን ፍሬ ከነጥላዋ ያወጣታል። የአንድን ህትመት ጥራት ለማወቅ ስፈልግ መጀመሪያ የማየው መስኮቱን ነው። እውነተኛውን ማየት ለሚፈልግ ካይሮ ውስጥ በ1648 የተጀመረው የሱሐይሚ ቤት ለጎብኚ ክፍት ነው።

መንገድ ዳር ያለው፣ ከላይ ክፍት ሰገነት ያለው ትንሽ ሕንፃስ?

ሳቢል ነው። ባለጸጋ ሰው ለነፍሱ ብሎ የሚያሠራው የሕዝብ ውሃ መጠጫ። ከላይ ያለው ሰገነት ሕፃናት ቁርዓን የሚቀሩበት ነው። የቄስ ትምህርት ቤት የቆጠረ ሰው ሥዕሉ ላይ የሚወዛወዙትን ልጆች ሲያይ ፈገግ ይላል።

ህትመቱ ላይ «የከሊፋዎች መቃብር» ይላል። የትኞቹ ከሊፋዎች?

የማንም ከሊፋ አይደለም። ግብጽን ይገዙ የነበሩ የማምሉክ ሱልጣኖች መቃብር ነው። የድሮ ተጓዦች ስሙን ተሳሳቱ፤ አታሚዎቹ ሁሉ ተቀባበሉት።

የሰዎቹ ሥዕል ይታመናል?

እንደ ሰዓሊው ነው። እኔ በጣም የማምነው ኤድዋርድ ሌንን ነው። እንግሊዛዊ ነው፤ በወጣትነቱ የመቅረጽ ሙያ ተምሯል። ግብጽ የገባው በ1825 ነው። ዓረብኛ ተምሮ፣ የአገሩን ልብስ ለብሶ፣ በአገሩ ስም እየተጠራ ኖረ። ስለ ግብጻውያን ልማድ የጻፈው መጽሐፍ በ1836 ወጣ፤ ሥዕሎቹ የእንጨት ቅርጽ ናቸው። ትንንሾች ናቸው፣ ጌጥ የላቸውም። ጥምጣም እንዴት እንደሚጠቀለል፣ ወጥ ያለበት ትሪ በምን ላይ እንደሚቀመጥ፣ የፍየል ቆዳ ስልቻ በጀርባው ያዘለው ውሃ ሻጭ ማሰሪያውን የት ላይ እንደሚያስረው ያሳያሉ። የሮበርትስ ካይሮ ውስጥ ሰዉ ጌጥ ነው። የሌን ካይሮ ውስጥ ሰዉ ሥራ ላይ ነው።

የሴቶች ክፍል ሥዕሎችን ግን ተጠንቀቁ። ወንድ ሰዓሊ እዚያ አይገባም። ሶፋ ላይ የተጋደሙት፣ ሺሻ የሚያጨሱት ቆነጃጅት በብዛት የአውሮፓ ስቱዲዮ ፈጠራ ናቸው። ሌንም ገብቶ ሊያይ አልቻለም። እህቱ ሶፊያ በ1842 ካይሮ መጥታ እየተጋበዘች ገባች። ያየችውን ጽፋለች፤ ኑሮው ከሥዕሎቹ በጣም የተለየ ነው።

ከኢትዮጵያ ጋር የሚያገናኘው ነገር አለ?

አለ፤ ያውም በርከት ያለ። ጎንደር የኖረው ጄምስ ብሩስ ወደ እኛ ከመምጣቱ በፊት በ1769 የፈርዖኖቹ መቃብር ሸለቆ ገብቶ ነበር። የራምሴስ ሦስተኛ መቃብር ግድግዳ ላይ በገና ደርዳሪዎች አየና ሣለ። በ1790 በታተመው መጽሐፉ ውስጥ ተቀርጸው ወጡ። በገናው አውሮፓ አውሮፓ ይሸታል፤ በኋላ ግድግዳውን ያዩት ሰዎች «የታለ ይሄ?» ብለዋል። መቃብሩ ግን እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል።

ሄንሪ ሶልት የሚባል እንግሊዛዊ ሰዓሊ ደግሞ በ1805 ትግራይ ገባ። በ1809 ለንደን ውስጥ 24 ትልልቅ አኳቲንቶች አሳተመ። በአንዱ ስብስብ ውስጥ የአክሱም ሐውልትም የግብጽ ፒራሚዶችም አሉ። ሰውዬው በ1816 በግብጽ የእንግሊዝ ቆንስል ሆነ።

እኔን የሚነካኝ ግን ካይሮ ውስጥ ሮዳ ደሴት ላይ ያለው የዓባይ መለኪያ ነው። የተሠራው በ861 ነው። ሥዕሉ ጥልቅ ጉድጓድ ያሳያል፤ መሐሉ ላይ ስምንት ጎን ያለው ዓምድ ቆሟል፤ በክንድ ልክ ምልክት ተደርጎበታል። ውሃው 16 ክንድ ሲሞላ ከተማው በዓል ያደርጋል፤ የካይሮ ቦይ ግድብም ተቆርጦ ውሃው ይለቀቃል። ያ ሁሉ ጭብጨባ በአብዛኛው ለእኛ አገር ክረምት ነበር። ሰኔና ሐምሌ እዚህ የወረደው ዝናብ ነው እዚያ ምልክቱን የሚሞላው። ቦዩ ራሱ በ1890ዎቹ መጨረሻ ተደፍኖ የትራም መንገድ ሆነ። ጀልባና ድልድይ ያለበት የካይሮ ቦይ ሥዕል ካገኛችሁ አትለፉት።

የእኔ ህትመት እውነተኛ አሮጌ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

ዐሥር እጥፍ የሚያጎላ ማጉያ ግዙ። እኔ ሳልገዛ ተቀጥቻለሁ። አንድ አሮጌ መጽሐፍ ሻጭ «1850 ነው፣ እናቴ ትሙት» ብሎ ምሎ አንድ የካይሮ ገበያ ሸጠልኝ። ቤት ወስጄ ከሳምንት በኋላ በተዋስኩት ማጉያ ሳየው ሥዕሉ ሁሉ በሰልፍ የቆመ ጤፍ ነው። እንዲህ ያለ የነጠብጣብ ሰልፍ ከ1880ዎቹ ወዲህ የመጣ የፎቶ ህትመት ምልክት ነው። እናቱን ግን ደህና ያቆይለት።

የመዳብና የአረብ ብረት ህትመት ሲሆን በሥዕሉ ዙሪያ የሰሌዳው ጠርዝ ወረቀቱን ተጭኖት የቀረ አሻራ ይኖራል። በጣት ዳብሱት። ጠርዙ ተቆርጦ ከሆነ ላይገኝ ይችላል። የጋዜጣ የእንጨት ቅርጽ ከሆነ ጀርባውን ገልብጡ፤ ጽሕፈት አለበት። በ1842 የተጀመረው የለንደኑ ባለሥዕል ጋዜጣ ገጾች እንዲህ ናቸው። በ1869 የስዊዝ ቦይ ሲመረቅ ዓለም በዓሉን ያየው በእንዲህ ያለ ህትመት ነው።

ጋዜጣ ላይ ደስ የምትል ምልክትም አለች። ለቅርጽ የሚሆነው ቦክስዉድ የሚባለው ዛፍ ቀጭን ስለሆነ ትልቅ ሥዕል የሚሠራው ብዙ ቁራጭ በብሎን ታስሮ ነው። ለመድረስ ሲጣደፉ ቁራጮቹን ፈትተው ለተለያዩ ቀራጮች ያድላሉ። አንዱ ሰማዩን፣ አንዱ ግመሉን፣ አንዱ ሚናራውን። ሲገጣጠም ትንሽ ከተላቀቀ ሥዕሉን አቋርጦ የሚያልፍ ቀጭን ነጭ መስመር ይቀራል። ሰው እንደ ጉድለት ያየዋል፤ እኔ ሳየው ደስ ይለኛል።

ቀለም ያለው ይሻላል?

የግድ አይደለም። ብዙዎቹ ጥቁርና ነጭ ሆነው ነው የታተሙት። ቀለሙ በዚያው ዘመን በእጅ ተቀብቶ ከሆነ ዋጋ ይጨምራል። ትናንት ለቱሪስት ተብሎ ከተቀባ ያበላሸዋል። ሰማዩ ደማቅ ሰማያዊ ከሆነ እኔ እጠረጥራለሁ።

እንዴት ልያዘው?

ላሚኔት አታድርጉት፤ በስኮችም አትለጥፉት። ቢጫው አይለቅም። ፍሬም ውስጥ ሲገባ መስታወቱ ወረቀቱን እንዳይነካ በመሐል ከአሲድ ነጻ የሆነ የካርቶን ክፈፍ ይግባበት። ፀሐይ የሚመታው ግድግዳ ላይ አይሰቀልም። ከ1850ዎቹ በፊት ያለው ወረቀት በአብዛኛው ከጨርቅ የተሠራ ስለሆነ ጠንካራ ነው፤ ከዚያ ወዲህ የመጣው የእንጨት ወረቀት ቡናማ ይሆናል፣ ይፈረፈራል።

መግዛት ካልቻልኩስ?

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ መጽሐፍ እየገነጣጠሉ ቅጠል በቅጠል የሚሸጡትንም ከማበረታታት ይሻላል። የእስክንድርያ ቤተ መጻሕፍት የናፖሊዮኑን መጽሐፍ ኢንተርኔት ላይ በነጻ አስቀምጦታል። የሮበርትስን ሊቶግራፎች የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ ላይ በትልቁ ማውረድ ይቻላል። የናፖሊዮኑ ውስጥ ስትገቡ ከቤተ መቅደሶቹ አልፋችሁ የዕደ ጥበቡን ቅጠሎች ፈልጉ። ቶርኖ ሠራተኛውን ስታገኙት አጉሉትና መጀመሪያ እግሩን እዩ።